የአሮጌ ፒክአፕ የጭስ መቆጣጠሪያዎች፦ የቱ ይውለቅ፣ የቱ ይቆይ?

ጥያቄው፦ «1985 ስሪት ቶዮታ ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ ካርቡሬተር ያለው 22አር ነው። ኮፈኑን ስከፍት የሚታየኝ ቱቦ ብቻ ነው። ግማሹ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግማሹ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ሚኒሞ ላይ፣ ፔዳሉን ሳልረግጥ፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ያንኳኳል። አንድ ጓደኛዬ ‹ይሄ ሁሉ የጭስ መቆጣጠሪያ ነው፤ ነቃቅለህ ጣለው፣ ጉልበቱ ይመለሳል› አለኝ። እውነቱን ነው? የቱን ባወልቅ ችግር የለውም?»

ጓደኛዎ ያየው ነገር እውነት ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ዝብርቅርቅ ጉልበትዎን እየበላ ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። ጉልበት የሚበላው ዕቃው መኖሩ አይደለም፤ መበላሸቱ ነው። ሁሉንም ነቃቅለው ቢጥሉት ሚኒሞው ምናልባት ይስተካከል ይሆናል። የዳገቱ ማንኳኳት ግን ይብስበታል። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን እናንሣ። የጭስ መቆጣጠሪያ ማውለቅ በብዙ አገር ክልክል ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ክልከላው ጋራዡን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ባለቤትም ይመለከታል። መኪናው ስላረጀ ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ሊሆን ይችላል። ያ ማለት ግን ዕቃውን ማውለቅ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ስለዚህ ፒንሳ ከማንሣትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን አገር ደንብ ይጠይቁ። ከዚህ በታች «ሊወጣ ይችላል» የምለው ሁሉ ደንቡ ከፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ያ ሁሉ ቱቦ የሚሠራው በቫኪዩም ነው። ፒስተኖቹ አየር ሲስቡ በማስገቢያ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል። ፋብሪካው ይህን ስበት እንደ ጡንቻ ተጠቅሞበታል። አንዱን ቫልቭ ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል፣ የዲስትሪቡተሩን ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ቅጽበት) ወደፊት ይስባል። ታዲያ አንድ ቱቦ ሲሰነጠቅ ሁለት ነገር ይሆናል። ቱቦው የሚያዝዘው ዕቃ ሥራውን ያቆማል። በስንጥቁ ደግሞ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የማያውቀው አየር ይገባል።

ይህ ሁለተኛው ነው የእርስዎን መኪና የያዘው ብዬ የምጠረጥረው። ሳይለካ የገባ አየር ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ማለትም አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር በጠቅላላው ትንሽ ስለሆነ የአንድ ቀጭን ቱቦ ስንጥቅ እንኳ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ቀጭን ድብልቅ ዳገት ላይም ለማንኳኳት ይጋብዛል። ስለዚህ ሁለቱ ችግሮችዎ ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ። ያ ምንጭ ደግሞ ጥቂት ሜትር ጎማ ቱቦ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ሥራ ማውለቅ አይደለም። ቱቦ መቀየር ነው።

ኮፈኑን ይክፈቱና ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ወረቀት ይፈልጉ። የቫኪዩም መስመሮች ሥዕል ነው። የትኛው ቱቦ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያሳያል። ብዙ ሰው ቀለም ሲያስቀባ ወይም ኮፈን ሲቀይር ያጠፋዋል። ከጠፋ የዚያው ዓመት፣ የዚያው ሞተርና የዚያው ገበያ የጥገና መጽሐፍ ያስፈልግዎታል። «የዚያው ገበያ» ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ለተለያየ አገር ሲላክ የሚጫንበት የጭስ ዕቃ ይለያያል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 22አር በብዙ ቫልቭና ቱቦ ይመጣል። የጭስ ደንቡ ላላ ላለባቸው ገበያዎች የተሠራው ጥቂት ብቻ ነው ያለው። ግን ልብ ይበሉ። ያ ሞተር ቫልቭ ስለጎደለው ብቻ አይደለም ደህና የሚሠራው። ካርቡሬተሩም የዲስትሪቡተሩም ልክ አብሮ ይለያያል። እርስዎ ቫልቩን ብቻ ቢያወልቁ የአንዱን ገበያ ካርቡሬተር ከሌላው ገበያ ሞተር ጋር ቀላቀሉ ማለት ነው። ሞተሩ ከዚያ በኋላ የማንኛቸውም አይደለም።

ሥዕሉን ካገኙ በኋላ ፎቶ ያንሡ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች። ከዚያ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይቀይሩ። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አይንኩ። ሁሉንም በአንዴ ነቅሎ «በኋላ እመልሰዋለሁ» ማለት ነው ሰውን ሳምንት ሙሉ የሚያሠቃየው። አሮጌው ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ላይ፣ የብረቱን አፍንጫ በሚያቅፍበት ቦታ ነው። በጣትዎ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ጥቃቅን ጥቁር መስመሮች ከታዩ አልቆለታል። ጠንክሮ አልነቀል ካለ አይጎትቱት። በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀው ይላጡት። ከሥሩ ያለው አፍንጫ ፕላስቲክ ከሆነ በጉተታ ይሰበራል። የተሰበረውን መተካት ደግሞ ከቱቦው በብዙ ይከብዳል።

በየመስመሩ መሐል ጥቃቅን የፕላስቲክ ነገሮች ያገኛሉ። አንዳንዱ ባለ ሁለት ቀለም ክብ ነው። ሰው መገጣጠሚያ ይመስለውና ይጥለዋል። አይጣሉት። ቫኪዩሙ በአንድ በኩል ቶሎ፣ በሌላው በኩል ቀስ ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ማዘግያ ነው። አቅጣጫ አለው። ከመንቀልዎ በፊት የትኛው ቀለም ወደ የት እንደሚመለከት ይጻፉ። አንዳንድ ቱቦ ውስጥም በጣም ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ተወሽቃለች። አሮጌውን ቱቦ ከመጣልዎ በፊት በጣትዎ ይዳብሱት። ጠጣር ነገር ካለ አውጥተው ወደ አዲሱ ያዛውሩ።

የቱቦው ዓይነትም ለውጥ አለው። ለተራ የቫኪዩም መስመር ተራ የቫኪዩም ቱቦ ይበቃል። የቤንዚን ትነት ለሚያልፍበት ግን ለነዳጅ የተሠራ ቱቦ ብቻ። ሲሊኮን ቱቦ ሙቀት ይችላል፣ ሲያዩትም ያምራል። ቤንዚን ግን አይችልም።

ቀጥሎ የቫኪዩም ጌጅ ይግዙ ወይም ይዋሱ። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከማኒፎልዱ ጋር ያገናኙት። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ አንብቦ ፀጥ ማለት አለበት። ከፍ ያለ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሱ። መርፌው ፀጥ ብሎ ግን ዝቅ ካለ ሞተሩ አየር እየሳበ ነው፤ አለዚያም ታይሚንጉ ዘግይቷል። መርፌው እየዘለለ ከሆነ የሲሊንደር ቫልቭ ወይም ካንዴላ ይጠርጥሩ። ያ ከቱቦ ጋር አይገናኝም። ንባቡን ከሥራው በፊትም በኋላም ይጻፉት። ሥራው ለውጥ ማምጣቱን የሚነግርዎ እሱ ነው።

አየር የሚገባበትን ቦታ ለመፈለግ ብዙ ሰው የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫል። በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚቀጣጠል ነገር መርጨት ነው፤ እኔ አልመክርም። የውኃ መርጫ ጠርሙስ ይበቃል። ከዲስትሪቡተሩ ያርቁትና መገጣጠሚያው ላይ ጭጋግ አድርገው ይርጩ። ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የካርቡሬተሩን እግር በደንብ ይፈትሹ። ከሥሩ ያለው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) በሙቀት ብዛት ያልቃል።

ይህን ብቻ ሠርተው ሚኒሞው ቢስተካከል አይግረምዎት። ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ያቆማል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ጭራሽ የማይነካውን ላስቀድም፤ ፒሲቪ። ከቫልቭ ሽፋኑ ወጥቶ በወፍራም ቱቦ ወደ ማኒፎልዱ የሚገባው ትንሽ ቫልቭ ነው። ሥራው ከፒስተን ፋሻ ሾልኮ ወደ ዘይት ቤት የወረደውን ጋዝ መልሶ ማቃጠል ነው። ያ ጋዝ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የውኃ እንፋሎትና አሲድ አለበት። መውጫ ካጣ ዘይቱን ወደ ጥቁር ጭቃ ይለውጠዋል። ግፊቱም የዘይት መከላከያ ጎማዎችን እየገፋ ያስወጣል። ይህ ዕቃ የመጣው ለጭስ ተብሎ ነው፤ ዋናው ተጠቃሚ ግን ሞተሩ ራሱ ነው። ነቅለው ይወዝውዙት። ካልተንቋቋ ይቀይሩት። ሚኒሞ ላይ አፉን በጣት ሲይዙ ስበት ካልተሰማዎት ቱቦው ተደፍኗል። በቦታው ክፍት ፊልትሮ የሚያደርጉ አሉ። ስበቱ ስለሌለ ዘይት ቤቱ አይታጠብም። ኮፈኑም ሥር ዘይት ይረጫል።

ጥቁሩ ጣሳም ይቆይ። ከሰል የተሞላ ነው። ከነዳጅ ታንኩና ከካርቡሬተሩ የሚወጣውን የቤንዚን ትነት ይይዛል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ትነቱን ወደ ማኒፎልዱ ይልከዋል፤ ያቃጥለዋል። ጉልበት አይወስድም። ከብዶ አይጎትትም። ሰው የሚያወልቀው ቦታ ስለያዘ ብቻ ነው። ካወለቁት በኋላ ሁለት ምርጫ ይቀርዎታል፤ ሁለቱም መጥፎ ነው። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ክፍት ቢተዉት የቤንዚን ትነት ከጋለ ሞተር አጠገብ ይከማቻል። ያ የእሳት ነገር ነው። ቢደፍኑት ደግሞ ታንኩ መተንፈሻ ያጣል። ክዳኑ አየር የማያስገባ ዓይነት ከሆነ ነዳጁ ባነሰ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ስበት ይፈጠራል። ሞተሩ ረጅም መንገድ ላይ በነዳጅ ማነስ ይጠፋል። ክዳኑን ሲከፍቱት «ፍስስ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል። ይህንን «የነዳጅ ፓምፕ ችግር» ብለው ፓምፕ ቀይረው የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። ጣሳው ውስጥ ያለው ከሰል ፈርሶ በቱቦው ከወጣ ግን ይቀይሩት፤ ፍርፋሪው ቀጫጭን መስመሮችን ይደፍናል።

ካርቡሬተሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ዲያፍራሞችም (በቫኪዩም የሚሳብ ስስ ሽፋን ያላቸው ዕቃዎች) አብረው ይወቀሳሉ። ያለጥፋታቸው ነው። አንዳንዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቾኩን (በብርድ ለማስነሣት አየሩን የሚያጠብበውን ክዳን) በልክ ይከፍታል። አንዳንዱ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ የካርቡሬተሩ የአየር በር በድንገት እንዳይዘጋ ያዘገያል። እነዚህ ከጭሱ ይልቅ ለአነዳዱ ይጠቅማሉ። ከአየር ማጣሪያው አፍንጫ ወደ ጭስ ማውጫው የሚወርደው የሞቀ አየር ቱቦም እንዲሁ። ቤንዚን ሲተን ካርቡሬተሩን በጣም ያቀዘቅዘዋል። እርጥበት ባለበት አየር ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀት እንኳ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ደረቅ በሆነ አገር ቱቦው ቢጎድል ብዙ አይጎዳም። ሌላ ቦታ ይመልሱት።

አሁን ኢጂአር። የእርስዎ ጥያቄ ልቡ እዚህ ነው። ብዙ ስም የጠፋበትም እሱ ነው።

ኢጂአር ጥቂት የተቃጠለ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል። «ቆሻሻ ለምን ይገባል?» ይላል ሰው። የተቃጠለ ጭስ ዳግመኛ አይቃጠልም። ቦታ ይይዛል፤ ሙቀት ይጠጣል። በዚህም የቃጠሎው ሙቀት ይወርዳል። አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር በብዛት የሚዋሐደው ሙቀቱ ከ1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ነው። ሳንባ የሚያቃጥለውና የከተማ አየር የሚያጨልመው ጋዝ የሚወለደው እዚያ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ማንኳኳትም አብሮ ይቀንሳል።

ጉልበት ይወስዳል ወይ? ሚኒሞ ላይ ዝግ ነው። ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጡት ቫኪዩሙ ስለሚጠፋ እንደገና ይዘጋል። የሚከፈተው በመካከለኛ ጉዞ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጉልበት በሚፈልጉበት ሰዓት ኢጂአር በሥራው ላይ የለም። «ኢጂአሩን አወለቅሁና ጉልበት አገኘሁ» የሚል ሰው ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቶበት ነበር ማለት ነው። የተከፈተ ቫልቭ በእርግጥ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ ያደክማልም። መፍትሔው ግን ማጽዳት ነበር።

ማውለቅ ማንኳኳት የሚያመጣው በዚህ ነው። ጭስ የተቀላቀለበት ድብልቅ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ፋብሪካው ይህን አስቦ የዲስትሪቡተሩን ታይሚንግ ቀደም እንዲል አድርጎታል። ጭሱን ሲያስቀሩ ቃጠሎው ይፈጥናል፤ ታይሚንጉ ግን ባለበት ቀደም ብሎ ይቀራል። ዳገት ላይ በግማሽ ፔዳል ሲወጡ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንገጫገጭ ያለ ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ሲቆይ ፒስተን ይበሳል፤ ጋርኒሲዮን ያቃጥላል። የእርስዎ መኪና አሁኑኑ ዳገት ላይ ያንኳኳል። ስለዚህ ኢጂአሩ ተደፍኖ ወይም ቱቦው ተቆርጦ በራሱ ሥራ አቁሞ ይሆናል። ያለ ማንም እጅ «ወልቋል» ማለት ነው።

ለመፈተሽ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልግዎታል። ሞተሩን ያሙቁ። ሚኒሞ ላይ ይተዉት። ቱቦውን ከኢጂአር ቫልቩ ራስ ነቅለው ፓምፑን ያገናኙ። ቀስ ብለው ይሳቡ። ሞተሩ መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት። ከተንገዳገደ ቫልቩም መተላለፊያውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ትእዛዝ የሚያመጣለት መስመር ላይ ነው። የፓምፑ መርፌ ስበቱን ይዞ ሞተሩ ምንም ካልመሰለው መተላለፊያው በጥላሸት ተደፍኗል። መርፌው ወዲያው ወደ ዜሮ ከተመለሰ ዲያፍራሙ ተቀድዷል፤ ቫልቩ ይቀየር።

የተደፈነውን ማጽዳት ቆሻሻ ሥራ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ቫልቩን ያውርዱ። በሽቦና በብሩሽ ጥላሸቱን ይፈርፍሩ። ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ቀዳዳም እስከ መጨረሻው ይከተሉ። ብዙ ሰው ቫልቩን አንጸባርቆ መተላለፊያውን እንደ ተደፈነ ይመልሳል። ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ በአቧራ መሳቢያ እየሳቡ ይሥሩ። አዲስ ጋርኒሲዮን ያድርጉለት።

እግረ መንገድዎን ሞዱሌተሩን ይመልከቱ። ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ብዙ ቱቦዎች ከጎኑ ይወጣሉ። ክዳኑ በጣት ይከፈታል። ውስጡ ትንሽ ፊልትሮ አለ። ለዓመታት ያልተከፈተ ከሆነ ጥቁር ሆኖ ያገኙታል። አውጥተው በአየር ይንፉት። ሲመልሱት ሸካራው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ይህች ቁራጭ ስትታፈን ሞዱሌተሩ የጭሱን መጠን መመጠን ያቅተዋል። የተከፈተና የጸዳ መኪና በጣም ጥቂት ነው የማገኘው።

ከማኒፎልዱ ውኃ መስመር ላይ የተጠመዘዙት ባለ አፍንጫ ቫልቮችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሞተሩ ሳይሞቅ ኢጂአር እንዳይከፈት የሚያደርገው ከእነሱ አንዱ ነው። አፍንጫቸው ይሰበራል። መቀየር ካለብዎ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ። ከራዲያተሩ ትንሽ ውኃ ያጉድሉ። ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ያድርጉ። አልላቀቅ ካለ በጉልበት አይጠምዝዙት፤ ማኒፎልዱ አሉሚኒየም ነው።

ወደ ጭስ ማውጫው አየር የሚያስገባው ክፍል ግን ሌላ ነው። ማውለቅ ከተባለ ለክርክር ክፍት የሆነው እሱ ነው። በአንዳንድ መኪና ላይ በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ነው። በሌላው ላይ ፓምፕ የለም፤ ስስ የብረት ምላስ ያለው ቫልቭ በራሱ በጭሱ ትርታ አየር ይስባል። ሁለቱም ንጹሕ አየር ወደ ጋለው ጭስ ያስገባሉ። ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው እንዲቃጠል፣ ጭሱን የሚያጸዳው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም ኦክስጅን እንዲያገኝ ነው። ሲበላሽ ጭሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቱቦው ይቀልጣል። የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ጥላሸት ይታያል። ኮፈን ሥር «ፕት ፕት» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ኮንቨርተሩ ካለ ይህን ክፍል ይጠግኑት። ያለ አየር ኮንቨርተሩ ሥራውን አይጨርስም። መኪናው መጀመሪያውኑ ያለ ኮንቨርተር ለተሸጠበት ገበያ የተሠራ ከሆነና ደንቡ ከፈቀደ ግን ቢወጣ ሞተሩ አይጎዳም። የፓምፑ ክብደትና ቺንጋ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ጉልበት አይጠብቁ። ዋናው አዘጋጉ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ በብረት ሳህንና ሙቀት በሚችል ጋርኒሲዮን ይዝጉ። ጎማ አይሆንም፤ ቅጥ ያጣ ብየዳም አይሆንም። እዚያ ስንጥቅ ከቀረ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካቢኑ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ያለ ምንም ክርክር የሚወጣ ነገርም አለ። የአየር ማቀዝቀዣው ቀድሞ ከወለቀ፣ እሱ ሲበራ ሚኒሞውን ከፍ ያደርግ የነበረው ቫልቭ ባዶውን ተቀምጧል። የቀድሞ ባለቤት ጨምሮት የተወው ሽቦ፣ ማንም ያልያዘው የብረት ክንድ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ፣ ሁሉም ይውጣ። ከሥዕሉ ጋር እያስተያዩ ይህን ብቻ ሲያጸዱ የሞተር ክፍሉ ምን ያህል እንደሚቀልል ያያሉ። ከፍታ ማስተካከያ የሚባለው ዕቃም አለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ቤንዚን እንዳይበዛበት ያቃናል። ደጋና ቆላ የሚመላለስ መኪና ላይ ይቆይ።

አንድ ነገር ሳይረሳ። ጭስ ማውጫው ላይ ሽቦ ያለው ሴንሰር ካለ፣ ካርቡሬተርዎ በኮምፒውተር ይታዘዛል ማለት ነው። እንደዚያ ዓይነት ካርቡሬተሮች በዚያ ዘመን ነበሩ። ያኔ አንዱን ዕቃ ማውለቅ ሌላውን ያሳብዳል። ኮምፒውተሩ ምልክት ሲያጣ ብዙ ጊዜ ቤንዚን ያበዛል።

«ካርቡሬተሩን በዌበር 32/36 ልቀይርና ሁሉም ነገር ይገላገለኝ» የሚል ሐሳብም ይመጣብዎ ይሆናል። ጥሩ ካርቡሬተር ነው፤ ለ22አር ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግን ለኢጂአር የሚሆን የቫኪዩም መስመር የለውም። ስለዚህ ታይሚንጉን ወደ ኋላ መመለስ የግድ ይሆናል፤ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚንም ይረዳል። ከ3.5 ፒኤስአይ በላይ የነዳጅ ግፊትም አይወድም፤ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ወደ ታንክ የሚመልሰውን የነዳጅ መስመር አይድፈኑት። ፒሲቪውና ጥቁሩ ጣሳ ከአዲሱ ካርቡሬተር ጋርም ይሠራሉ። ጀቶቹም (ቤንዚኑን የሚመጥኑት ባለ ቀዳዳ ብረቶች) ለሚነዱበት ከፍታ መመረጥ አለባቸው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ ከሆኑ ጥሩ። ቱቦ ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ግን ቱቦ መቀየር ይቀላል።

የሚዘጋ የቫኪዩም አፍንጫ ሁሉ ለዚያው በተሠራ ክዳን ይዘጋ። ብዙ ሰው ቱቦ ውስጥ ብሎን ወሽቆ ያስረዋል። ለአንድ ቀን መፈተሻ ይሆናል፤ ለዓመት አይሆንም። ርካሹ የጎማ ክዳን በሞተር ሙቀት በአንድ ክረምትና በጋ ይሰነጠቃል። ከዚያ ከመጀመሪያው ወደባሰ ችግር ይመለሳሉ፤ አሁን ደግሞ የት እንደሆነ አይታወቅም። ያወለቁትን ሁሉ በካርቶን አድርገው ስሙን ለጥፈው ያስቀምጡ። እነዚህ ዕቃዎች አዲስ መመረት እየቀረ ነው። መኪናውን ለመሸጥ ወይም አገር ለመቀየር ቢያስቡ ያስፈልጋሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሚኒሞውንና ታይሚንጉን እንደገና ያስተካክሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አየር መሳቡን ያስቁሙ፣ ቀጥሎ ታይሚንጉን በታይሚንግ መብራት፣ በመጨረሻ የድብልቁን ቪቴ (ማስተካከያ ብሎን)። ቪቴውን ቀድመው ከነኩ ስንጥቁን በቤንዚን እየሸፈኑ ነው። ጌጁ ደህና ሲያነብ ቪቴው ያለ ትግል ቦታውን ያገኛል።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ስለሆነ ነው። ደህና ኮንቨርተር ለዚህ ሞተር የሚሰማ እንቅፋት አይደለም። የተደፈነ ግን ያንቃል። በጌጁ ይፈትኑት። ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ከፍ አድርገው ይያዙት። መርፌው ለአፍታ ወርዶ ተመልሶ ከቆመ ጭሱ መንገድ አለው። ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ተደፍኗል። ቆርጠው ባዶ ቧንቧ ቢያስገቡ መታፈኑ ይቀራል። ከኋላዎ ያለው እግረኛ፣ በመስኮት ያለው ሕፃን የሚተነፍሰው ግን ያንኑ ያልጸዳ ጭስ ነው። በምትኩ አዲስ ያድርጉበት። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደ ደፈነው ይወቁ። ኮንቨርተር በራሱ ዕድሜ እምብዛም አይሞትም። የሚገድለው ቤንዚን የሚያበዛ ካርቡሬተር፣ የማይቀጣጠል ካንዴላ ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ፋሻ ነው። ያ ሳይጠገን የገባ አዲስ ኮንቨርተር የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

ቱቦው ተቀይሮ፣ ኢጂአሩ ጸድቶና ተፈትኖ፣ ታይሚንጉ በልኩ ሆኖ ዳገት ላይ አሁንም ካንኳኳ ከጭስ ዕቃዎች ይውጡ። የካንዴላዎቹ የሙቀት ደረጃ ለዚህ ሞተር የታዘዘው መሆኑን ይመልከቱ። ራዲያተሩና ቴርሞስታቱ ሞተሩን በልክ ማቀዝቀዛቸውን ያረጋግጡ። የሲሊንደር ግፊት ያስለኩ። ግፊቱ ከታዘዘው በላይ ካነበበ ፒስተኑ ራስ ላይ ጥላሸት ተጋግሯል ማለት ነው። መጽዳት ያለበትም እሱ ነው።